መሣሪያ ሲሰረቅ ዝም ማለት ለምን አያዋጣም

መሣሪያ የተሰረቀበት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ዝም ማለት ነው። በጣና ዙሪያ፣ ከደምቢያ እስከ ፎገራ፣ ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር፣ ይህን የማያውቅ የለም። በሬ ሲሰረቅ አገር ይጮኻል፤ ጎረቤት ዱካ ይከተላል፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል። ጠመንጃ ሲሰረቅ ግን ባለቤቱ በሩን ዘግቶ ከሚስቱ ጋር በሹክሹክታ ይመክራል። አንዱ ምክንያት ነውሩ ነው። መሣሪያውን ያስወሰደ ሰው፣ ያውም ከገዛ ቤቱ፣ ለቅሶና ሠርግ ላይ ምን ዓይነት ዓይን እንደሚከተለው ያውቃል። «የአባቱን ምንሽር ያስበላ» መባል ቀላል ስም አይደለም። ሌላው ምክንያት ፍርሃት ነው። ጠፋብኝ ብሎ ጣቢያ ቢሄድ የሚቀድመው ጥያቄ «ፈቃድህን እስቲ አሳየኝ» እንደሚሆን ይገምታል፤ ግምቱም ከእውነት የራቀ አይደለም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማን እንደወሰደው ይጠረጥራል፤ ተጠርጣሪው የወንድም ልጅ ወይም አማች ሲሆን ነገሩ ከጣቢያ ይልቅ ጓዳ ውስጥ ይቀራል።

በዚህ ዘመን ባሕር ዳር ተቀምጦ ስለ መሣሪያ መጻፍ ቀላል አለመሆኑ ይገባኛል። ስለዚህ ወሰኔን ላስቀምጥ፤ የምጽፈው በፈቃድ ስለተያዘ የግል መሣሪያ ነው። ለሚሊሻ በአደራ የተሰጠ የመንግሥት መሣሪያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የተረከቡበት ወረቀት አለው፣ የሚጠየቁለት አለቃም አለው።

ሕግ ዝምታውን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። በብዙ አገሮች መሣሪያ የያዘ ሰው መሣሪያው ሲጠፋ ወይም ሲሰረቅ ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሳያሳውቅ ከቀረ የተሰረቀው ሰው ራሱ ጥፋተኛ ይሆናል። ይህን የሰማ ሁሉ «ተዘርፌ እንዴት እኔው እጠየቃለሁ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ያለው በብረቱ ላይ በተቀረጸው ቁጥር ላይ ነው።

በፋብሪካ የተሠራ መሣሪያ ሁሉ ማለት ይቻላል የራሱ መለያ ቁጥር አለው። በክላሽ ላይ በግራ ጎኑ፣ ከካርታው (ከጥይት መያዣው) መግቢያ ከፍ ብሎ ተመትቶ ይገኛል፤ በብዙዎቹ ላይ የቁጥሩ መጨረሻ በላይኛው ክዳንና በውስጠኛው ተንቀሳቃሽ ብረት ላይም ይደገማል። ለአንድ ሰው ፈቃድ ሲሰጥ ያ ቁጥርና የሰውየው ስም በአንድ መስመር ላይ ይጻፋሉ። ከዚያ ወዲያ መሣሪያው የትም ይሂድ፣ ማንም ይያዘው፣ በመዝገቡ ላይ ያለው ስም አይቀየርም። መኪናውን ሸጦ ስመ ሀብቱን ሳያዛውር የቀረ ሰው፣ ከዓመት በኋላ በማያውቀው ከተማ በተፈጸመ አደጋ ሲጠራ ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል። የመሣሪያው ከዚያ የሚብሰው፣ መጥሪያው የሚመጣው ስለ ተገደለ ሰው ሊሆን ስለሚችል ነው።

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አሜሪካን ልውሰድ። የመረጥኳት ሕጓ አርአያ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም የተበጣጠሰና ግራ የሚያጋባ ነው። የመረጥኳት ከእኛ ሰፈር የሄደው ሰው ብዙ ስለሆነና ጥያቄውም በስልክ የሚመጣው ከዚያ ስለሆነ ነው። በአሜሪካ የመሣሪያ ባለቤቶች አገር አቀፍ መዝገብ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት እንዲህ ያለ መዝገብ እንዳያቋቁም ይከለክላል። ወንጀል ከተፈጸመበት ቦታ ሽጉጥ ሲገኝ ታዲያ ባለቤቱ የሚፈለገው በእግር ነው ማለት ይቻላል። በዌስት ቨርጂኒያ፣ ማርቲንስበርግ በምትባል ከተማ ያለ የፌዴራል የፍለጋ ማዕከል ቁጥሩን ይዞ ፋብሪካውን ይጠይቃል፤ ፋብሪካው ለየትኛው አከፋፋይ እንደሸጠ ይናገራል፤ አከፋፋዩ ሱቁን ይጠቁማል፤ ሱቁ ገዢው በእጁ የሞላውን ቅጽ ከመደርደሪያ ያወጣል። ፍለጋው እዚያ ላይ ያበቃል። የሚገኘው ስም የመጀመሪያው ገዢ ስም ብቻ ነው። ፖሊስም በሩን የሚያንኳኳው የዚያ ሰው ነው።

ሰውየው በሩን ከፍቶ «ድሮ ተሰርቆብኝ ነበር» ቢልስ? እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ይህችኑ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ የሚያጠና ሌላ ሰው አለ። የወንጀል መዝገቡ ንጹሕ ስለሆነ በሕግ መግዛት የሚችል፣ የገዛውን ግን መግዛት ለተከለከለ ሰው በትርፍ የሚያሳልፍ ሰው ነው። መሣሪያው ወንጀል ላይ ሲገኝ መሸሸጊያው «ተሰረቅሁ» የምትለዋ ቃል ናት። የማሳወቅ ግዴታ በዋናነት የተበጀው ለዚህ ሰው ነው። አንዴ ተሰርቆ ሳያሳውቅ ቀረ እንበል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲደግመው ግን ወይ ሕግ ጥሷል፣ ወይ ዋሽቷል። እውነተኛው ተሰራቂ በበኩሉ ከዚህ አሳላፊ የሚለይበት ወረቀት በእጁ ይይዛል። እኔ ሕጉን የምደግፈው በዚህ በኩል ነው፤ በሌላ በኩል ብዙ ቀዳዳ አለው፤ እመለስበታለሁ።

ሕግ ስለተማርኩ የቤተሰቡ ጣጣ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ የደወለልኝ በምሽት ነው፤ የመጀመሪያ ቃሉም «ለእናቴ እንዳትነግራት» የሚል ነበር። ዓርብ ማታ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ገባ። ቅዳሜ ጠዋት የጎን መስታወቱ ተሰብሮ አገኘው፤ የኋላ ወንበር ላይ የነበረው ቦርሳ ተወስዷል። ተናደደ፣ መስታወቱን አስጠገነ፣ ሥራ ገባ። ሰኞ ከፊት ባለው መሳቢያ ውስጥ የመኪናውን ወረቀት ሲፈልግ ሽጉጡ የለም። «አሁን ብናገር ለምን ቅዳሜ አልመጣህም ይሉኛል፤ ዝም ብል ይሻላል» አለኝ። ይኸው የጣና ዳር ልማድ ውቅያኖስ ተሻግሮም አልለቀቀውም።

በቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሕግ መሣሪያው የጠፋበት ወይም የተሰረቀበት ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለአካባቢው ፖሊስ ወይም ለግዛቱ ፖሊስ እንዲያሳውቅ ያዛል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከተሰረቀበት ሳይሆን ባለቤቱ መሰረቁን ካወቀበት ጊዜ ነው፤ ወይም ነገሩን በቀጥታ የሚያውቅ ሌላ ሰው ከነገረው ጊዜ። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ሰዓት የጀመረው ሰኞ መሳቢያውን ሲከፍት ነው። ፖሊሱ «ቅዳሜ ለምን አላየህም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥያቄው ግን ክስ አይደለም። ምክሬ አጭር ነበር፤ ዛሬውኑ ሂድ፣ ቅዳሜንም ሰኞንም እንደነበሩ ተናገር፣ ቀኖቹን ለማሳመር አትሞክር። ምክንያቱም ቅጣቱ ራሱ ቀላል ነው፤ እስከ 250 ዶላር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ቅጣት እንጂ እስር አይደለም። በቅን ልቦና ያመለከተ ሰው መሣሪያው ከእጁ ከመውጣቱ ጋር ተያይዞ ለሚመጣው ነገር በሕጉ ከለላ ያገኛል፤ እያወቀ የሐሰት ማመልከቻ ያቀረበ ግን ከለላው አይደርሰውም። ቀን ማሳመር ማለት እንግዲህ ራስን ከከለላው ማስወጣት ነው።

እሱን ያስገረመው ሌላው ነገር ወንዝ ሲሻገር ሕጉ መለወጡ ነው። ከፖቶማክ ማዶ ሜሪላንድ 72 ሰዓት ትሰጣለች፤ ያውም ለሁሉም መሣሪያ ሳይሆን ሕጉ ለይቶ ለሚቆጣጠራቸው፣ በተለይ ለሽጉጦች። የመጀመሪያው ጥፋት፣ ሆን ተብሎ እስከተፈጸመ ድረስ፣ እስከ 500 ዶላር ያስቀጣል፤ የተደገመ እንደሆነ እስከ 90 ቀን እስር ሊያስከትል ይችላል። በመሃል ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ መሣሪያን በስም ስለምትመዘግብ መጥፋቱ እንደታወቀ ወዲያውኑ በጽሑፍ እንዲነገራት ትፈልጋለች። ኒው ዮርክ 24 ሰዓት፣ ካሊፎርኒያና ኮሎራዶ 5 ቀን። ቴክሳስና ጆርጂያ በግዛት ደረጃ እንዲህ ያለ ግዴታ አልጣሉም። የፌዴራሉ ሕግም ተራውን ባለቤት አይመለከትም፤ በ48 ሰዓት የሚያስገድደው ፈቃድ ያላቸውን ነጋዴዎች ብቻ ነው። ዘመድ ያላችሁ ሁሉ «አሜሪካ እንዲህ ነው» የሚል ምክር ከመስጠታችሁ በፊት የትኛው ግዛት ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ቀዳዳው ልምጣ። አንድ ሰው መሰረቁን መቼ እንዳወቀ ማን ያውቃል? ከእሱ በቀር ማንም። ዓቃቤ ሕግ ይህን ማስረዳት ስለሚከብደው በዚህ ግዴታ ብቻ ተከሶ የሚቀጣ ሰው ብዙ አይታይም። ሁለተኛው ቀዳዳ ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። መሣሪያውን ከመጀመሪያውም በሕገ ወጥ መንገድ የያዘ ሰውስ «ተሰረቅሁ» ብሎ እንዲቀርብ ይገደዳል? ቢቀርብ በራሱ ላይ መመስከሩ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1968 ሄይንስ በተባለው ሰው ጉዳይ ላይ፣ ሰውን ራሱን እንዲወነጅል በሚያደርግ የምዝገባ ግዴታ መቅጣት እንደማይቻል ወስኗል። እንደ ቨርጂኒያ ያሉ ሕጎችም ግዴታውን የጣሉት «በሕጋዊ መንገድ በያዘ» ሰው ላይ ነው። ውጤቱ ትንሽ የሚያስቅ ነው፤ ሕግ አክባሪው ካላሳወቀ ይቀጣል፣ ሕገ ወጡ በዚህኛው ድንጋጌ አይነካም። በእርግጥ በሕገ ወጥ መንገድ በመያዙ ብቻ ሌላ ክስ ይጠብቀዋል። እኛም ዘንድ በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ካለ ከጋዜጣ ምክር ይልቅ ጠበቃ ያማክር፤ ከጣቢያው በፊት።

በሌላው ዓለምም መርሁ ያው ነው። የደቡብ አፍሪካ የመሣሪያ ሕግ መጥፋቱን ካወቁበት ጊዜ አንሥቶ 24 ሰዓት ብቻ ይሰጣል፤ ያላሳወቀ ወንጀል ፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በ2004 ናይሮቢ ላይ የተፈረመውና ኢትዮጵያም የፈረመችው የታላላቅ ሐይቆችና የአፍሪካ ቀንድ አገሮች ፕሮቶኮል መሣሪያዎች ምልክትና ቁጥር እንዲኖራቸው፣ በመዝገብም እንዲያዙ ያስገድዳል። ኢንተርፖልም ጠፍተውና ተሰርቀው የተመዘገቡ መሣሪያዎችን የሚያፈላልግበት «አይአርምስ» የተባለ የመረጃ ቋት አለው። በባሕር ዳር የተሰረቀ መሣሪያ በመተማ አድርጎ ድንበር ቢሻገር፣ ማዶ ያለው ፖሊስ ቁጥሩን ሊያገኘው የሚችለው እዚህ አንድ ሰው አፍ አውጥቶ ተናግሮ ከሆነ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ግን «ጠፋ» የሚባለው ሁሉ ስርቆት አለመሆኑን ነው። ከደንገል የተሠራች ታንኳ ላይ ጭነት ተጭኖ፣ ጠመንጃው ከላይ ተጋድሞ፣ ማዕበል ሲመታ ተንሸራቶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ባለቤቱ ለአፍታ ያዝናል፤ ከዚያ «እንግዲህ ዓሣ ካልተኮሰበት ማን ይተኩስበታል» ብሎ ይተወዋል። ጣና ግን እንደዚያ የሚታመን ሐይቅ አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ወደ ኋላ ሲል በደምቢያና በፎገራ ዳር ባሕር ሸሹ ይታረሳል፤ ሽንብራና ጓያ ይዘራበታል። ባለፈው ክረምት ውኃ የነበረበት ቦታ ላይ ማረሻ ይገባበታል ማለት ነው። ደለል ውስጥ ከርሞ የወጣ ብረት ባይተኩስ እንኳ አካሉ ሌላ መሣሪያ መጠገኛ ይሆናል፤ ቁጥሩም ዝገቱ ሲፋቅ ሊነበብ ይችላል። ለሕጉ ልዩነት የለውም፤ መሣሪያው በፈቃድ ከያዘው ሰው ቁጥጥር ወጥቷል፣ ስለዚህ ይነገራል። ቤት ተቃጥሎ አብሮ የተቃጠለም እንዲሁ፤ የተረፈው ብረት ከነፈቃዱ ለፖሊስ ይቀርባል።

አገራችን ለዚህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለችም። ድሮ ንብረት የጠፋበት ሰው አቤት ሲል አውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፣ የቀረ ይቀጣል። ሥርዓቱ ጨካኝ ጎን ነበረው፤ ንጹሑንም ከሌባው ጋር ያንገላታል። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነበር፤ ባለንብረቱ አፉን ካልከፈተ ምንም አይጀመርም። ዛሬ የአውጫጭኙን ቦታ የያዘው ፖሊስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ብቻ አድርጎታል፤ ቁጥጥሩን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል፣ በክልል ደግሞ ሥራው በክልሉ ፖሊስ በኩል ይሄዳል። ፈቃዱ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ በቁጥር ለተለየ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ከእጅ ሲወጣ ፈቃዱ ብቻውን ኪስ ውስጥ ቢቀር ሰውየው የሌለውን ነገር የያዘ ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው። ስለዚህ ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም፤ ባወቃችሁበት ቀን ሂዱ። ወንጀሉ ቢቀር እንኳ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ካሣ እንዲከፍል ያዛል። በር ሳይዘጋ፣ ጥይት ጎርሶ፣ ለማንም ክፍት ሆኖ የተቀመጠ መሣሪያ ሰው ቢገድል የሟች ቤተሰብ በር የሚያንኳኳው በዚህ ድንጋጌ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ላይ ባለቤቱ መሰረቁን እያወቀ ለወራት ዝም ብሎ ነበር ከተባለ ዳኛው ምን ሊያስብ እንደሚችል ገምቱ።

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። የመሣሪያው ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ የፈቃዱ ቁጥርና የተሰጠበት ቀን፣ መጨረሻ ያዩበት ቀንና ቦታ፣ መጥፋቱን ያወቁበት ቀንና ሰዓት፣ አብሮ የሄደ ጥይትና ካርታ ካለ ብዛቱ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ቁጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ቁጥሩን የጻፈበት ወረቀት ዝናሩ ኪስ ውስጥ ነው፣ ሌባው ደግሞ ዝናሩንም ወስዶታል። ዛሬ መሣሪያው እጃችሁ ላይ እያለ ቁጥሩን አንብባችሁ በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ከቤቱ የይዞታ ካርታ ጋር አብራችሁ አስቀምጡት። የምትጠረጥሩት ሰው ካለ ጥርጣሬ መሆኑን ገልጻችሁ ተናገሩ። ዘመድ ለመሸሸግ ብሎ «ሽፍቶች በመንገድ ቀሙኝ» የሚል ታሪክ መፍጠር ግን ያልተፈጸመ ወንጀልን ለፖሊስ ማመልከት ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ከጣቢያው ከመውጣታችሁ በፊት ማመልከቻው የተመዘገበበትን ቁጥርና ቀን፣ ማኅተም ያለበትን ቅጂም ጠይቁ። መዝገብ ሹሙ «እኛ ዘንድ አለ» ቢላችሁም ወረቀቱን ይዛችሁ ውጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመሰክርላችሁ እሱ ነው፤ መዝገብ ሹሙ ያን ጊዜ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ይሆናል።

የቀረኝ የሽማግሌው መንገድ ነው። ሌባው ይታወቅና ሽማግሌ ገብቶ፣ ጥቂት ብር «ለእግር» ተከፍሎ፣ መሣሪያው በሌሊት ይመለሳል። ቤተሰብ ከቤተሰብ ሳይጣላ ነገሩ አለቀ ይባላል። ዕርቁን አልነቅፍም፤ ደም ከማፋሰስ ይሻላል። ግን መሣሪያው በሰው እጅ በከረመባቸው ሳምንታት ምን እንደተሠራበት ሽማግሌው አያውቅም፣ ባለቤቱም አያውቅም። አስቀድሞ ያመለከተ ሰው የእነዚያ ሳምንታት ጣጣ አይደርስበትም፤ ያላመለከተው ግን መሣሪያው አንድ ቀን እንኳ ከእጁ እንዳልወጣ ተደርጎ ይቆጠርበታል። አስቀድማችሁ አመልክታችሁ ከሆነ ደግሞ መመለሱንም ማመልከት አለባችሁ። በአሜሪካም በእኛም ዘንድ በተሰረቁት መዝገብ ላይ ያለ ቁጥር ባለቤቱ ቤት ስለገባ ብቻ አይሰረዝም፤ ፍተሻ ላይ ቁጥሩን ያነበበ ፖሊስ የሚያየው የተሰረቀ መሣሪያ የያዘ ሰው ነው። መሣሪያው ሲመለስ ቤት ይቀመጥ፤ ባለቤቱ ማመልከቻውንና ፈቃዱን ብቻ ይዞ ወደዚያው ጣቢያ ይሂድ። ስረዛው በጽሑፍ እስኪሰጠው ድረስም መሣሪያውን ይዞ ከደጅ አይውጣ።